ቃላችሁ የሚታመን ሰው ለመሆን፦ በጅማ ሥራ ለሚጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ሰፋ ያለች ከተማ ናት፤ ወሬ ግን በግማሽ ቀን ያዳርሳታል። ጠዋት ፈረንጅ አራዳ የፈረሰ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ይወራል። ሥራም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ነጋዴ ሱቁን ወይም መጋዘኑን የሚይዝለት ልጅ ሲፈልግ፣ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት የሚያምነውን ሰው ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ ውጤትና ስለ ዲግሪ አይደለም። በሰዓቱ ይመጣል ወይ? ቁልፍ ቢሰጠው ያስተማምናል ወይ? የሆነ ነገር ቢበላሽ ይናገራል ወይስ ይደብቃል?

ጥያቄዎቹ ሲጨመቁ አንድ ናቸው፤ ልጁ ያለውን ያደርጋል ወይ? ስለ ስኬት ብዙ ይባላል። አነጋገር ማሳመር፣ አለባበስ ማስተካከል፣ ሰው ፊት አለመፍራት። ሁሉም ይጠቅማሉ። ግን የማይታመን ሰው አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ምን ይረባል? በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት መገንባት ያለበት ቃል ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ይሄ ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት ተሰጥኦ አይደለም። ልማድ ነው። ማንም ሊለምደው ይችላል።

መመሪያው ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ፣ በሱቅ ወይም በእንጨት ሥራ ቤት ለተቀጠረ፣ የራሱን ትንሽ ሥራ ለጀመረ ሰው ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ያዙ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለመጀመር አትሞክሩ። አንዱ ሲለመድ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ደረጃ 1፦ የሰጣችሁትን ቃል ሁሉ ጻፉ

ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም። አብዛኛው የሚረሳ ሰው ነው። ትልልቁን አንረሳም። ሠርግ፣ ፈተና፣ የቤት ኪራይ እናስታውሳለን። የሚጠፋው ትንሹ ነው። «ቁጥሩን እልክልሻለሁ።» «ለአጎቴ እነግርልሃለሁ።» «ማታ እደውላለሁ።» ተናጋሪው በሩን ሳይወጣ ይረሳዋል። የተነገረው ሰው ግን ስልኩን እያየ ያመሻል።

ስለዚህ ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል። እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ ስልክ ሲከፈት ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። ገጹን በሦስት ክፈሉት። ለማን፣ ምን፣ መቼ። እንዲህ፦

ለአለቃዬ፣ የመጋዘኑ ቆጠራ፣ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት።
ለእናቴ፣ መድኃኒት መግዛት፣ ዛሬ ከ12 ሰዓት በፊት።
ለጓደኛዬ፣ የቤት አከራዩን ቁጥር መላክ፣ ዛሬ ማታ 1 ሰዓት።

የፈጸማችሁትን በጭረት ሰርዙ። ያልተፈጸመውን ክበቡት። ክቡ የሚጠቅመው በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ደረጃ እንመለስበታለን።

«መቼ» የሚለው ዓምድ ላይ ተጠንቀቁ። «ከሰዓት» ሰዓት አይደለም። «ወደ ማታ»ም «በዚህ ሳምንት»ም እንደዚሁ። አንዱ ከሰዓት ሲል 8 ሰዓትን ያስባል፣ ሌላው 11ን። ሰዓቱን በቁጥር ተናገሩ። ከመሥሪያ ቤት፣ ከባንክ ወይም ከውጭ ድርጅት ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። 3 ሰዓት በእኛ ጠዋት ነው፤ በፈረንጆቹ ደግሞ የእኛ 9 ሰዓት፣ ያውም ከቀትር በኋላ። ቀኑም እንደዚያው። «በ15» ከተባለ የእኛ ወር ይሁን የእነሱ አረጋግጡ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተሳሳተ ቀን መሄድ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ያድነዋል።

ደረጃ 2፦ እሺ ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ

እኛ ጋ እምቢ ማለት ይከብዳል። ጠያቂው ታላቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ይሉኝታው ይይዘናል። ስለዚህ «እሺ» እንላለን፣ ከዚያ እንጠፋለን። ስልክ አናነሳም። መንገድ እንቀይራለን። በዛሬ እፍረት ፋንታ የነገ ትልቅ እፍረት እንገዛለን።

እምቢታ በአክብሮት ከተነገረ ሰው አይቀየምም። ለታላቅ ሰው እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሼ፣ አምነው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ሳምንት ግን እጄ ሞልቷል። እሺ ብልዎት አሳፍርዎታለሁ። ሰኞ ከሆነ ግን ጠዋት እደርሳለሁ።» ለጓደኛ አጭር ይበቃል፦ «አልዋሽህም፣ ቅዳሜ አልደርስም። ሌላ ሰው ፈልግ።» ጓደኛችሁ ለጊዜው ቅር ይለው ይሆናል። ግን ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አገኘ።

አለቃ ሲሆን ነገሩ ይለያል። «አልችልም» ማለት አያዋጣም፤ ሁሉን «እሺ» ማለትም ይጥላችኋል። ምርጫውን ለእሱ መልሱለት፦ «እሺ፣ እሠራዋለሁ። ይሄን ካስቀደምኩ የጠዋቱ ሒሳብ ለነገ ያድራል። የቱ ይቅደም?» ጥሩ አለቃ ይህን ጥያቄ ይወዳል፤ ሥራውን በአእምሯችሁ እንደያዛችሁት ያያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራው ሁለት ቀን የሚፈጅ ከመሰላችሁ ሦስት ቀን ጠይቁ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዝናብ ይመጣል። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ክረምቱም ረዥም ነው። ሲዘንብ ባጃጅ ይጠፋል። ቆጪ ሠፈር ያለ ሰው ለ2 ሰዓት መርካቶ መድረስ ካለበት በበጋው ሰዓት መነሳት የለበትም። ጃንጥላ በቦርሳ፣ 20 ደቂቃ በኪስ።

ደረጃ 3፦ ሰውን በወጉ ሰላም በሉ

ጅማ ጥንትም የሰው መገናኛ ናት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ዛሬም በአንድ የገበያ መደዳ ላይ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ አማራው ጎን ለጎን ይሸጣል። አማርኛ ብቻ ይዞ እዚህ ከተማ መኖር ይቻላል። ግን አፋን ኦሮሞ የማይሞክር ሰው ከግማሹ ሰው ጋር በር ላይ ቆሞ እንደቀረ ነው።

በሰላምታ ጀምሩ። «አካም ጂርቱ» በሉ፤ ሲደረግላችሁ «ገለቶማ» በሉ። አነጋገራችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ። የገጠር እናት እየሳቁ ያርሟችኋል፣ በዚያው ትግባባላችሁ። ከዚያ ቁጥሮችን፣ የዕቃ ስሞችን፣ «ስንት ነው» ማለትን ተማሩ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ በየቢሮውም ያገለግላችኋል።

የቀረው የምታውቁት ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ጉዳይ አትክፈቱ። ለታላቅ ተነሱ። ስም ስትሰሙ ወዲያው ደግማችሁ ጥሩት፤ አይጠፋባችሁም። ሥራ አስኪያጁን ብቻ ሰላም ብሎ ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን የሚያልፍ ሰው ግን ምን እንደሚያጣ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 4፦ አዳምጡ፣ የሰማችሁትን መልሳችሁ ተናገሩ

ብዙ ቃል የሚፈርሰው ከመጀመሪያውም ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር ስለሰሙ ነው። አንዱ የተናገረው ሌላ፣ ሌላው የሰማው ሌላ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመለያየታችሁ በፊት የሰማችሁትን በራሳችሁ አፍ ድገሙት።

እንጨት ሥራ ቤት የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ ነው፦ «አልጋው አንድ ሜትር ከሃምሳ። ሁለት መሳቢያ። ቀለሙ ጠቆር ያለ። ለጥር 10 ቅዳሜ 4 ሰዓት። ልክ ነኝ?» ባለጉዳዩ «ቆይ፣ መሳቢያ አልኩ እንዴ?» ይላል። ይህን ያለው እንጨቱ ከመቆረጡ በፊት ነው። ስንት ብር እንደዳነ አስቡት።

የማዳመጥ ትልቁ ትምህርት ቤታችን ቡና ላይ ነው። እዚህ አገር ቡና በአንድ ስኒ አያልቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰው ልቡን በአቦል አይከፍትም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው ይወራል። ያ የከበደው ነገር፣ የልጅ መታመም ይሁን የሥራ ችግር፣ ብዙ ጊዜ ኋላ ላይ ነው የሚወጣው። በአቦል ስልኩን አውጥቶ በቶና የሚነሳ ሰው አይሰማውም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ሰው ሲያወራ መልስ ለማዘጋጀት አትጣደፉ፤ «ከዚያስ?» በሉ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን የመለማመድ ልዩ ዕድል አላቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. አሁን ያለውን ቅርጽ ከያዘ ጀምሮ የሚታወቀው ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርቱ ነው። ተማሪዎች በቡድን ተደራጅተው ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። ይህን ጊዜ መጠይቅ ሞልቶ ለመገላገል አታውሉት። በማታውቁት ቤት ደጃፍ ቆማችሁ ራሳችሁን ማስተዋወቅ፣ የመጣችሁበትን መናገር፣ «አሁን አይመቸንም» ስትባሉ አመስግኖ መመለስ ትማራላችሁ። በኋላ በሥራ ዓለም የሚጠየቀው ይሄ ነው። የቡድን ሥራውንም በመጀመሪያው ቀን በስምና በቀን ከፋፍላችሁ ጻፉት። «ሁላችንም እንሠራዋለን» የተባለ ሥራ በመጨረሻዋ ሌሊት አንድ ሰው ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 5፦ መጥፎ ዜናን ቀድማችሁ ንገሩ

ከሁሉም ደረጃዎች እዚህ ላይ ብታተኩሩ ደስ ይለኛል። ሰው ሆኖ ቃሉ የማይታጠፍበት የለም። ልዩነቱ ባለቤቱ መቼ ሰማ የሚለው ነው።

ከእንጨት ሥራ ቤቱ አንውጣ። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ናት፤ በሦስት እግር የምትቆመው በርጩማ የከተማዋ መታወቂያ ሆናለች። ግን በየሠፈሩ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው። ባለጉዳይ በቀጠሮው ቀን አይሱዙ ተከራይቶ ይመጣል። አልጋው ቆሟል፣ ቀለም አልተቀባም። «ነገ ና» ይባላል። ነገ ይመጣል፤ መብራት የለም። ልጁ ሠርጉ እሑድ ነው።

ባለሙያው ማክሰኞ ላይ ያውቅ ነበር። ጣውላው እርጥብ እንደሆነ በእጁ ነክቶ አይቷል። የፈራው ያችን አንዲት ስልክ ነው። ስልኳ ይህችውና፦

«እንደምን ዋሉ እትዬ። ስለ አልጋው ነው የደወልኩት። ለቅዳሜ ብዬዎት ነበር፤ ለቅዳሜ አይደርስም። ጣውላው በደንብ አልደረቀም፤ እንዲሁ ብገጥመው በኋላ ይሰነጠቅብዎታል። ማክሰኞ 10 ሰዓት ይጠናቀቃል። መኪና ይዘው ከሆነ ለማክሰኞ ያዛውሩት። የማይመችዎት ከሆነ ቀብድዎን ዛሬውኑ እመልሳለሁ።»

አራት ነገሮች አሉባት። አንደኛ፣ የማይሆነውን በግልጽ ተናገረ፤ «ትንሽ ይቆያል» አላለም። ሁለተኛ፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ሦስተኛ፣ አዲስ ቀንና ሰዓት ሰጠ። አራተኛ፣ ለባለጉዳዩ ምርጫ ተወ። ይህን ቅደም ተከተል ለማንኛውም ሥራ መጠቀም ይቻላል። ለአስተማሪ፣ ለአለቃ፣ ለቤት አከራይ።

ሰውየው ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። መብቱ ነው። አትከራከሩ፣ ሌላ ሰው ላይ አታላክኩ። «እውነትዎን ነው» ብላችሁ ስሙት። ከዚያ ማክሰኞ 10 ሰዓት ሳይሆን 9 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ሁለተኛው ቀን ከተዛነፈ ስልኩ ምንም አይጠቅምም።

የቡና ሥራ ውስጥ ያሉ ይህን በደንብ ያውቁታል። በመኸር ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከጎማና ከማና ወረዳዎች ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ ይመጣል። ታጥቦ የሚዘጋጅ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካና ጥራቱ ይበላሻል። ሾፌሩ «10 ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ ጎማ ፈንድቶበት ዝም ካለ የአንድ መንደር የቀን ልፋት ጆንያ ውስጥ ያድራል። 9 ሰዓት ላይ ቢደውል ሌላ መኪና ይፈለግ ነበር። ጎማ በመፈንዳቱ ማንም አይወቅሰውም። በዝምታው ግን ይወቀሳል።

ደረጃ 6፦ የሰው ገንዘብ ላይ ጥንቁቅ ሁኑ

ቀብድ የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የባለጉዳዩ ነው። ዕቃ ግዙበት እንጂ የቤት ኪራይ አትክፈሉበት። ከተቻለ በሌላ የባንክ ደብተር አስቀምጡት።

ዱቤ ስትወስዱ ከባለሱቁ ጋር እኩል ጻፉ። በቴሌብር ስትከፍሉ መልእክቱን አታጥፉ። ከጓደኛ የተበደራችሁትን 50 ብር እሱ ሳይጠይቅ መልሱ። ትንሽ ብር ለመጠየቅ ሰው ስለሚያፍር ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ረስቶታል ማለት አይደለም።

ዕቁብ ደግሞ ለወጣት ምርጥ መለማመጃ ነው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሁሉም በደስታ ይጥላል። ፈተናው ከወጣላችሁ በኋላ ነው። ገንዘቡ በእጃችሁ ገብቶ፣ ሞተሩ ወይም የልብስ ስፌት መኪናው ተገዝቶ፣ እስከ መጨረሻው ዙር በቀኑ የምትጥሉ ከሆነ ዳኛውም አባላቱም ያዩታል። በሚቀጥለው ጊዜ ዋስ ስትፈልጉ ሰው አታጡም።

ገቢያችሁ ከቡና ጋር የተያያዘ ከሆነ የክፍያ ቃላችሁን ከወቅቱ ጋር አስማሙ። ገንዘብ የሚገባው በመኸር ነው። ክረምት ላይ ኪስ ይሳሳል። ኅዳር ላይ ሞቅ ብሎን «ሐምሌ ላይ እከፍላለሁ» ማለት ይቀናናል። ሐምሌ ምን እንደሚመስል ያለፈውን ዓመት አስታውሱና ተናገሩ።

ደረጃ 7፦ ቅሬታን ለባለቤቱ ንገሩ

ቅር ያላችሁን ነገር ለአምስት ሰው አውርታችሁ ባለቤቱ ሳይሰማ አይቅር። ለብቻው፣ በዚያው ሳምንት፣ ፊት ለፊት። ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስለተፈጸመው ነገር ተናገሩ። «ሰነፍ ነህ» አትበሉ። «ትናንት መጋዘኑ 2 ሰዓት መከፈት ነበረበት፣ የተከፈተው 3 ተኩል ነው። ምን ገጠመህ?» በሉ። ካልተግባባችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ታላቅ ሰው አስገቡ። ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ይቅርታችሁን ሰበብ አታስከትሉበት። ይቅርታ ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ ከዚያ የተበላሸውን አስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ ጠዋታችሁን ማታ አዘጋጁ

ጅማ ውስጥ ስለ ጊዜ አውርቶ ስለ ጫት ዝም ማለት አይሆንም። የታላላቆችን ወግ ለመንቀፍ አልተነሳሁም። ግን ጫት እንቅልፍ ያባርራል። ከሰዓት የተጀመረ ጫወታ ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ዓይን ያፈጣል፣ ጠዋት የተቀጠረ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። በምርቃና የተገባ ቃል ደግሞ የባሰ ነው። ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሥራ ይታቀዳል፣ ገንዘብ ይመደባል። ስለዚህ ቢያንስ በሥራ ቀን ተዉት፣ በዚያ ሰዓትም ለማንም ምንም ቃል አትግቡ። የወንድምነት ምክሬ ነው።

ከመተኛታችሁ በፊት የነገውን ገጽ አንብቡ። ልብስና ወረቀት አዘጋጁ። ከምሽታችሁ ላይ የአንድ ሰዓት ጊዜ ለትምህርት ስጡ፤ ኤክሴል፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ቋንቋ፣ ሥራችሁ የሚፈልገውን።

ደረጃ 9፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ክቦቹን ቁጠሩ

እሑድ ማታ ወይም ለእናንተ በሚመች ቀን ደብተሩን ክፈቱ። የተከበቡትን እዩ። ክቦቹ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አንዱ ሁልጊዜ የሚያጥፈው የስልክ ቃል ነው፤ ሌላው ከሰዓት በኋላ ያለ ቀጠሮ፤ ሌላው ለአንድ ለተወሰነ ሰው የገባው። ያን አንዱን ብቻ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዙ። ያልፈጸማችሁት ቃል አሁንም የሚጠቅም ከሆነ ለሰውየው ደውላችሁ አዲስ ቀን ስጡ። ጊዜው ያለፈበት ከሆነም ደውሉ፤ እንዳልረሳችሁት ይወቅ።

ሌሎች ለእናንተ የገቡትንም ቃል በደብተሩ ጀርባ ጻፉ። እናንተ ቃላችሁን የምትጠብቁት ጣውላ አቅራቢው፣ ሾፌሩ፣ የቡድን ጓደኛችሁ ከጠበቀላችሁ ነው። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ፦ «ነገ 3 ሰዓት እንዳልነው ነው አይደል?» ይህ ማስታወሻ ነው፣ ንዝንዝ አይደለም። ሰውየው ደጋግሞ ካጠፈ ምን እያጎደለባችሁ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ንገሩት። ካልተስተካከለ ጣውላውን ከሌላ ሰው ግዙ፤ ለምን እንደሄዳችሁም ራሳችሁ ንገሩት፣ ከሰው አይስማው።